የክብደት ምድብና ጥበብ በፍልሚያ ስፖርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




ሚዛን የመሐንዲስ የዘወትር ባልንጀራ ነው። ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ውሃው በልክ ካልተመጠነ ግድግዳው አይቆምም፤ ብረቱ ካልተለካ ድልድዩ አይጸናም። ዳሩ ግን ሚዛን ዕቃን ብቻ ሳይሆን ሰውንም እየመዘነ ዕጣውን የሚወስንበት አንድ መስክ አለ፤ ይኸውም የፍልሚያ ስፖርት ነው። ቡጢኛው፣ የነጻ ትግል ተጋጣሚው፣ የጁዶ ስፖርተኛው ወደ መድረክ ከመውጣቱ አስቀድሞ በሚዛን ላይ ይቆማል። ከማን ጋር እንደሚጋጠምና ከማን ጋር እንደማይጋጠም የሚወስነው ያ ሚዛን ነው። ስለ ልምምዱ ብዛት፣ ስለ ብልሃቱ ርቀትና ስለ ልቡ ጽናት ግን ሚዛኑ አንዳችም አይናገርም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ስፖርቱ የሚያወድሰው ጥበብን ከሆነ፣ ስለ ምን አስቀድሞ የሚጠየቀው ክብደት ሆነ? በዚህ ነገር ላይ ሁለት ወገኖች ሲከራከሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ብልሃት ካለ ጉልበት ከንቱ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ግዙፉን ማን ይገፋዋል?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነቱ ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ሙሉውን ለማግኘት የታሪክን ምስክርነት፣ የሥነ ፍጥረትን ሕግና የምድቦቹን አሠራር በየተራ መመርመር ያሻል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምድብ ያልነበረበት ዘመን

በጥንታዊት ግሪክ በኦሊምፒያ በሚከበረው በዓል ትግል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ708፣ ቡጢ ደግሞ በ688 ዓመት እንደ ገቡ ይተረካል። በዚያ ዘመን ተጋጣሚዎች የሚለዩት በዕድሜ ብቻ ነበር፤ ልጆች ከልጆች፣ ጐልማሶች ከጐልማሶች ጋር ይገጥማሉ። ክብደት አይጠየቅም፤ ጥንዶቹ የሚለዩት በዕጣ ነው። ከትግል ጀግኖቹ ሁሉ ስሙ ይበልጥ ገንኖ የቀረው የክሮቶኑ ሚሎ ሲሆን፣ ስለ እርሱ ከሚነገረው ተረት የሚበዛው ስለ ብልሃቱ ሳይሆን ስለ ጉልበቱ ነው።

ዘመናዊው ቡጢ በእንግሊዝ አገር ሲጀመርም ነገሩ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጃክ ብሮተን በ1743 ያወጣው ደንብ የወደቀን ሰው መምታትን ሲከለክል፣ ስለ ክብደት ግን ያነሳው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዳንኤል ሜንዶዛ የተባለ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70፣ ክብደቱም ከ73 ኪሎ የማይበልጥ ሰው ተነሣ። ሜንዶዛ ጉልበቱ ለተቃዋሚዎቹ እንደማይመጥን ያውቅ ስለ ነበር በእግሩ መንቀሳቀስን፣ ጎንበስ ብሎ ማምለጥን፣ በክንዱ መከላከልን ሙያ አደረገ፤ ጥበቡንም በ1789 በመጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ የሚከብዱ ብዙ ሰዎችንም አሸነፈ። ይሁን እንጂ በ1795 ከእርሱ በቁመትም በክብደትም እጅግ የሚበልጠው ጆን ጃክሰን ሲገጥመው፣ ረጅም ጠጕሩን በአንድ እጁ ጨብጦ በሌላው ደበደበውና የሻምፒዮንነቱ ዘመን አበቃ። በጊዜው የነበረው ደንብ ይህን አይከለክልም ነበር። ጥበብ ከክብደት ጋር ሊወዳደር የሚችለው ደንቡ እስከ ፈቀደለት ድረስ ብቻ መሆኑን ይህ ግጥሚያ በግልጥ ያሳያል።

በ1867 በማርኲስ ኦፍ ኲንስበሪ ስም የወጣው ደንብ ጓንትን ግዴታ አደረገ፤ መተናነቅን ከለከለ፤ ዙሩን በሦስት ደቂቃ ወሰነ። ምድቦቹን አንድ ወጥ አድርጎ ያደላደላቸው ግን በ1909 በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የስፖርት ክበብ ነው። ያን ጊዜ የተወሰኑት ስምንቱ ምድቦች በኪሎ ሲመነዘሩ ፍላይ እስከ 50.8፣ ባንተም እስከ 53.5፣ ፌዘር እስከ 57.2፣ ላይት እስከ 61.2፣ ዌልተር እስከ 66.7፣ ሚድል እስከ 72.6፣ ላይት ሄቪ እስከ 79.4 ሲሆኑ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ሄቪ ተባለ።

ከዚህ ድልድል ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የቦብ ፊትዚሞንስ ታሪክ የነገሩን ሁለት ገጽ አሳይቶ ነበር። ይህ ሰው በ1897 76 ኪሎ ያህል እየመዘነ፣ በ7 ኪሎ ያህል የሚበልጠውን ጄምስ ኮርቤትን በሆዱ ላይ ባሳረፈው አንድ ምት ጥሎ የሄቪ ሻምፒዮን ሆነ። በ1899 ግን ከእርሱ ከ15 ኪሎ በላይ የሚከብደው ጄምስ ጄፍሪስ ገጠመውና ተሸነፈ። ብልሃቱ በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር፤ የተለወጠው በወዲያኛው በኩል ያለው ክብደትና ያንን ክብደት የያዘው ሰው ችሎታ ነው።

የሥነ ፍጥረት ሕግ

ጋሊሌዎ በ1638 ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች ባሳተመው መጽሐፍ ለመሐንዲሶች ሁሉ መሠረት የሆነ አንድ ነገር አስረድቷል። አንድ አካል ቅርጹን ሳይለውጥ ርዝመቱ በሁለት እጥፍ ቢያድግ፣ ስፋቱ በአራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን በስምንት እጥፍ ያድጋል። የጡንቻ ጉልበት የሚወሰነው በውፍረቱ፣ ማለትም ጡንቻው በአግድም ቢቆረጥ በሚታየው ስፋት ነው። ስለዚህ የሰው ክብደት በሁለት እጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ የሚጨምረው ከአንድ ተኩል እጥፍ ጥቂት አለፍ ብሎ፣ 1.6 እጥፍ ያህል ብቻ ነው።

ይህን ሕግ በክብደት ማንሳት ስፖርት በዐይን ማየት ይቻላል። ቱርካዊው ናይም ሱሌይማኖግሉ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ በ60 ኪሎ ምድብ ተወዳድሮ 190 ኪሎ ከራሱ በላይ አነሣ፤ ይህም የገዛ ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ጆርጂያዊው ላሻ ታላካዜ በ2021 ያነሣው 267 ኪሎ ከዚያ እጅግ ቢበልጥም፣ የሰውዬው ክብደት ከ170 ኪሎ በላይ ስለ ነበር የገዛ ክብደቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ሆነ። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ከባዱ ሰው በጠቅላላው ጉልበት ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሲካፈል ቀላሉ ይበልጣል። ቀላሉ ሰው የራሱን አካል እንደ ልቡ የሚያዘው፣ ከባዱ ደግሞ የሌላውን አካል የሚገፋው ስለዚህ ነው።

የቡጢ ምትም በዚሁ መንገድ ሊመረመር ይችላል። ክንዱ በረዘመ መጠን የሚንቀሳቀሰው ክብደት ይጨምራል፤ ፍጥነት የሚያገኝበት ርቀትም አብሮ ይጨምራል። ሁለቱ ሲካካሱ የጡጫው የመጨረሻ ፍጥነት በትልቁም በትንሹም ሰው ተቀራራቢ ይሆናል። ልዩነቱ ያለው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ ትልቁ ሰው ከጡጫው ጋር ብዙ ክብደት ይልካል፤ ትንሹ ሰው ደግሞ ጡጫውን ለመላክና ለመመለስ አጭር ጊዜ ይበቃዋል። 60 ኪሎና 90 ኪሎ የሚመዝኑ፣ ቅርጻቸው ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ሰዎች ቢነጻጸሩ፣ የከባዱ ምት የሚገፋው ግፊት በአንድ ተኩል እጥፍ ሲበልጥ፣ ምቱን ለማድረስ የሚወስድበት ጊዜ ግን የሚበልጠው በ14 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከዚህ ሒሳብ እንደሚታየው ቀላሉ በፍጥነት የሚያገኘው ትርፍ ከባዱ በግፊት የሚያገኘውን አያካክስም።

ይህ ሒሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1985 የእንግሊዙ ሄቪ ቡጢኛ ፍራንክ ብሩኖ ጡጫ በመሣሪያ ሲለካ ፍጥነቱ በሰከንድ 8.9 ሜትር፣ ከፍተኛ ጉልበቱም 4,096 ኒውተን ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከ400 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕቃ በቆመበት ከሚያሳርፈው ጫና ጋር ይተካከላል። ወደዚህ ጣሪያ የደረሰው ጓንቱ ከነካ በኋላ በ14 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ነው። በ2005 የታተመ ሌላ ጥናት ከፍላይ እስከ ከባዱ ምድብ የተመረጡ ሰባት የኦሊምፒክ ቡጢኞችን መረመረ። የጡጫቸው አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 9.14 ሜትር፣ አማካይ ጉልበቱ 3,427 ኒውተን ነበር። ከባዶቹ ይበልጥ የመቱትም በዋናው ከጡጫቸው በስተጀርባ ያስከተሉት ክብደት ስለ በለጠ መሆኑን ጥናቱ ገልጿል። ልብ ሊባል የሚገባው ደግሞ ምቱን የሚቀበለው ጭንቅላት ነው። የጐልማሳ ወንድ አንጐል ባለቤቱ 55 ኪሎም ይመዝን 110 ኪሎ፣ ክብደቱ ወደ 1.4 ኪሎ ይጠጋል። መቺው ሲገዝፍ ተመቺው አንጐል በዚያው ልክ አይጸናም። የምድብ ድንበር ከፍትሕ ጉዳይ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ጥበብ የሚሠራው ሥራ

ታዲያ ጥበብ ምን ይሠራል? ጥበብ ክብደትን አይጨምርም፤ ክብደት የሚሠራበትን ሁኔታ ይለውጣል። ይህንንም በሦስት መንገድ ያደርጋል።

የመጀመሪያው አስቀድሞ ማወቅ ነው። ዐይን አይቶ እጅ እስኪታዘዝ ድረስ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ከግማሽ ሜትር ርቀት የተነሣ ጡጫ ግን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የተላከን ጡጫ አይቶ ማምለጥ አይቻልም። የሠለጠነ ቡጢኛ የሚያመልጠው ጡጫው ከመነሣቱ በፊት የትከሻውን መዞር፣ የእግሩን አጣጣልና የልማዱን አካሄድ አንብቦ ነው። ይህ ንባብ በዓመታት ልምምድ የሚገኝ እንጂ በኪሎ የሚመዘን አይደለም። ያላረፈ ጡጫ ደግሞ ምንም ያህል ክብደት ቢከተለው ዋጋው ባዶ ነው።

ሁለተኛው ሚዛንን ማሳት ነው። የቆመ ግንብ የማይወድቀው የክብደቱ ማዕከል በመሠረቱ ላይ እስካረፈ ድረስ ነው። ከባድን ሰው በቀጥታ ገፍቶ ለመጣል በክብደቱ ልክ የሚጨምር ጉልበት ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰውዬው ራሱ ወደ ፊት በሚራመድበት ቅጽበት ቢሳብ፣ የክብደቱ ማዕከል ከእግሮቹ ውጭ ይወጣና ያ ሲከላከልለት የነበረው ክብደት ራሱ ይጥለዋል። ካኖ ጂጎሮ በ1882 በቶኪዮ ኮዶካንን ሲያቋቁም ጁዶን የመሠረተው በዚህ አሳብ ላይ ነበር፤ ጉልበትን በትክክለኛው ቦታና ጊዜ በማዋል ታላቅ ውጤት ማግኘት ይቻላልና።

ሦስተኛው መፈንቅልን መጠቀም ነው። የአንድን ሰው ክንድ በሙሉ ጀርባና ጭን የያዘ ተጋጣሚ፣ የአካሉን ታላላቅ ጡንቻዎች ሁሉ በአንዲት ክርን ላይ ያውላል። በአንገት በኩል የሚያልፉትን የደም ሥሮች መጫንም ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። በዚህ ጊዜ ትንሹ ሰው ከትልቁ ሰው ጋር ሳይሆን ከትልቁ ሰው አንዲት ብልት ጋር ይታገላል ማለት ነው።

መሣሪያ ሲገባ ደግሞ ክብደት ጨርሶ ከሒሳቡ ይወጣል። ፌንሲንግ በሚባለው የሻሞላ ግጥሚያ የክብደት ምድብ የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በፎይል ነጥብ ለማስቆጠር የሻሞላው ጫፍ 500 ግራም፣ በኤፔ 750 ግራም የሚመክት ጠመዝማዛ ሽቦ መጫን ብቻ ይበቃዋል። ይህን ያህል ጉልበት ሕፃንም አያጣም። ዳዊት ጎልያድን ያሸነፈው ታግሎ ሳይሆን በወንጭፍ ከሩቅ ወርውሮ መሆኑም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ጎልያድ ወደ ተዘጋጀበት ግጥሚያ አልገባለትም። ስለዚህ አንድ ስፖርት የክብደት ምድብ ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ የሚጠየቀው ጥያቄ፣ ድል የሚገኘው በመንካት ነው ወይስ በመግፋት? የሚለው ነው።

የታሪክ ምስክርነት

እነዚህ ሁለት ኀይላት ሲገናኙ የሆነውን ለማየት ከ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም። ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ ሲገባ አራት ውድድሮች ነበሩት፤ እስከ 68 ኪሎ፣ እስከ 80 ኪሎ፣ ከ80 ኪሎ በላይ፣ እንዲሁም ክብደት የማይጠየቅበት ክፍት ምድብ። የጃፓን ሕዝብ ከሁሉ አስበልጦ የጠበቀው የመጨረሻውን ነበር፤ ጥበብ ከክብደት በላይ መሆኑ የሚረጋገጠው በእርሱ ነውና። ጥቅምት 23 ቀን በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክና ጃፓናዊው አኪዮ ካሚናጋ ተገናኙ። ጌሲንክ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱም ወደ 120 ኪሎ የሚጠጋ ነበር፤ ካሚናጋ 1 ሜትር ከ80 ሊሞላ ጥቂት የቀረውና 100 ኪሎ ያህል የሚመዝን ነበር። ጌሲንክ ካሚናጋን በምንጣፉ ላይ ተጭኖ ለ30 ሰከንድ ያዘውና አሸነፈ። ደጋፊዎቹ በደስታ ወደ ምንጣፉ ሊሮጡ ሲሉ በእጁ ምልክት አግዶ አስቆማቸው፤ ይህም አክብሮቱ በጃፓን እስከ ዛሬ ይነገርለታል።

ብዙዎች ከዚህ «ክብደት ጥበብን አሸነፈ» የሚል ትምህርት ወሰዱ። ነገሩ ግን እንደዚህ አልነበረም። ጌሲንክ በጃፓን እየተመላለሰ ጁዶን ከሥሩ የተማረ፣ በ1961 በፓሪስ በዓለም ሻምፒዮና የጃፓኖቹን ተከታታይ ድል የሰበረ ሰው ነበር። ያሸነፈው ጥበብ ያልነበረው ግዙፍ ሳይሆን፣ ጥበብን ከግዙፍነት ጋር ያስተባበረ ሰው ነው። በዚያው ውድድር ከ80 ኪሎ በላይ በሆነው ምድብ ጃፓናዊው ኢሳዎ ኢኖኩማ 90 ኪሎ ሳይሞላ፣ ከእርሱ እጅግ የሚከብደውን ካናዳዊ ዳግ ሮጀርስን አሸንፎ ወርቅ መውሰዱን ብዙዎች አያስታውሱትም። ክፍት ምድቡ በ1984 ለመጨረሻ ጊዜ ከታየ በኋላ ከኦሊምፒክ ወጥቷል። በመላው ጃፓን ሻምፒዮና ግን ክብደት ሳይጠየቅ መወዳደር ቀጥሏል። በ1990 በዚያ መድረክ ቶሺሂኮ ኮጋ፣ የ71 ኪሎው የዓለም ሻምፒዮን፣ ከባዶቹን አንድ በአንድ አልፎ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው የቆየው ናኦያ ኦጋዋ ግን ከኮጋ እጅግ የሚከብድ ብቻ ሳይሆን እርሱም የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ኮጋም ተሸነፈ። የጥበብ ልዩነት እስካለ ድረስ ኮጋ ከባዶቹን አለፈ፤ ልዩነቱ በጠበበ ጊዜ ክብደት ወሰነ።

ይህንኑ ሕግ በሌላ ስፍራ፣ በኅዳር 1993 በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የተጀመረው ቅልቅል ፍልሚያ አረጋግጦታል። በመጀመሪያው ውድድር የክብደት ምድብ አልነበረም። ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ 80 ኪሎ ያህል እየመዘነ ሁሉንም አሸነፈ። በ1994 መጨረሻ ደግሞ ከእርሱ ከ30 ኪሎ በላይ የሚከብደውን ዳን ሰቨርንን፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ከሥሩ ተጨንቆ ከቆየ በኋላ በእግሮቹ አንገቱን ቆልፎ እጅ አሰጠው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ክብደት ትርጉም የለውም ብሎ አመነ። ዳሩ ግን ግሬሲ ያሸነፈው ተቃዋሚዎቹ በምድር ላይ የሚደረገውን ትግል ስላላወቁት ነበር። ዕውቀቱ እየተስፋፋ ሲሄድ፣ ከባዶቹም ያንኑ ብልሃት ሲማሩ፣ የክብደት ብልጫ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በ1997 ውድድሩ ራሱ በክብደት መመደብ ጀመረ። ምስጢር ሆኖ የቆየ ጥበብ ክብደትን ያሸንፋል፤ የሁሉ የሆነ ጥበብ ግን ለክብደት ቦታ ይለቃል።

የቅርቡን ጊዜ ማስረጃ ለማከል፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2024 በሪያድ ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ 102 ኪሎ ያህል እየመዘነ 127 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ታይሰን ፉሪን በነጥብ አሸንፏል። በዚያው ዓመት በግንቦትም እንዲሁ አሸንፎት ነበር። ይህ የ25 ኪሎ ልዩነት ግን ሲታይ ከሩብ ያነሰ ነው። ያው 25 ኪሎ በ50 ኪሎ ሰው ላይ ቢጫን ግማሽ ያህሉ በሆነ ነበር። ከዚህም በላይ ክብደት ከፍ እያለ በሄደ መጠን የጉልበት ትርፉ እያነሰ፣ የትንፋሽ ዕዳው እየከበደ ይሄዳል። የክብደት ልዩነት መለካት ያለበት በኪሎ ሳይሆን በመቶኛ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

የምድቦች ስፋት

በመቶኛ መለካት ከተባለ፣ የ1909 አደላዳዮች ሥራ ለመሐንዲስ የሚያስደንቅ ነው። በስምንቱ ምድቦች መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሲታይ ከ3 ኪሎ በታች ተነሥቶ ወደ 7 ኪሎ ይሰፋል፤ በመቶኛ ሲታይ ግን ከ5 እስከ 9 በመቶ ባለው ውስጥ ይቆያል። በፋብሪካ የሚሠሩ ዕቃዎች መጠን በተመሳሳይ ንጽጽር እንዲያድግ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሻርል ሬናር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ሠንጠረዥም አካሄዱ ይኸው ነው፤ በአንዱ ተራ 6 በመቶ፣ በሌላው 12 በመቶ እያለ ይራመዳል።

በኦሊምፒክ የሆነው ለውጥ በዚህ ዐይን ሊታይ ይገባል። በ1988 በሴኡል ለወንዶች ቡጢ 12 ምድቦች ነበሩ። በ2024 በፓሪስ ሰባት ብቻ ቀሩ፤ እስከ 51፣ 57፣ 63.5፣ 71፣ 80፣ 92፣ እንዲሁም ከ92 በላይ። የመቀነሱ አንዱ ምክንያት የሚመሰገን ነው፤ በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት ምድብ የገቡት ሴቶች በ2024 ስድስት ምድብ አግኝተዋል። ነገር ግን በወንዶቹ ምድቦች መካከል ያለው ርቀት ከ11 እስከ 15 በመቶ ሆነ። እስከ 2016 የነበረው የ49 ኪሎ ምድብም ቀርቷል። ተፈጥሮው 48 ኪሎ የሆነ ወጣት በ2024 ከ51 ኪሎው ጋር ካልሆነ የሚገጥምበት የኦሊምፒክ መድረክ አልነበረውም። ከቀጭንና ቀላል ወጣቶች ብዛት ያላት እንደ ኢትዮጵያ ያለች አገር ይህን ለውጥ በዝምታ ልታልፈው አይገባም።

ሚዛንን ማታለል

ድንበር በተበጀበት ሁሉ ድንበሩን የሚገፋ አይጠፋም። ምድቦቹ በሰፉ መጠን ከታች ባለው ምድብ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ መግባት ትርፍ ይሰጣል። ስፖርተኛው ከሚዛኑ በፊት ባሉት ቀናት እህልና ውሃ ይከለከላል፤ በሞቃት ክፍል ያልባል፤ ጐማ ልብስ ለብሶ ይሮጣል። ሚዛኑን ካለፈ በኋላ ጠጥቶና በልቶ ብዙ ኪሎ ጨምሮ ይገባል። ሚዛኑ የለካው የአንድ ቅጽበት ክብደት እንጂ የሚፋለመውን ሰው ክብደት አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም ተጋጣሚዎች ይህን ካደረጉ ደግሞ ማንም ብልጫ ሳያገኝ ሁለቱም ተጎድተው ይገናኛሉ።

ጉዳቱ የሚያሳዝን ፍጻሜም አለው። ውሃ የተለየው ደም ይወፍራል፤ ልብና ኩላሊት ይጨነቃሉ፤ ሰውነት ሙቀቱን ማውጣት ይሳነዋል። በ1997 መጨረሻ በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የትግል ተጋጣሚዎች ክብደት ለመቀነስ ሲጣጣሩ በአንድ ወር ጥቂት አለፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ከዚያ በኋላ የኮሌጆቹ የስፖርት ማኅበር ሞቃት ክፍልንና ጐማ ልብስን ከለከለ፤ ሚዛኑንም ወደ ውድድሩ ሰዓት አቀረበ። በዓለም አቀፍ ጁዶ ደግሞ ሚዛኑ በዋዜማው ሆኖ፣ በማግሥቱ ጧት በዕጣ የተመረጡ ተወዳዳሪዎች ዳግመኛ ይመዘናሉ፤ ከምድቡ ጣሪያ ከ5 በመቶ በላይ የጨመረ አይወዳደርም። እነዚህ ደንቦች የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ልኬቱ ከሥራው ጊዜ በራቀ መጠን እውነትነቱ ይቀንሳል። ይህም መሐንዲስ ሁሉ በየዕለቱ የሚያውቀው ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል፣ በፍልሚያ ስፖርት ድል የጥበብና የክብደት ብዜት ውጤት ነው እንጂ የአንዱ ብቻ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ባዶ ከሆነ ብዜቱም ባዶ ነው። የጥበብ ልዩነት ሰፊ በሆነበት፣ ይኸውም በጀማሪዎች መካከል፣ ወይም ዕውቀቱ ገና ባልተስፋፋበት ስፍራ፣ ትንሹ ሰው ትልቁን ይጥላል። ሁሉም በሠለጠነበት በላይኛው ደረጃ ግን የጥበብ ልዩነት ስለሚጠብ ጥቂቱ ኪሎ ይወስናል። የክብደት ምድብ ጥበብን የሚንቅ የሚመስላቸው ሰዎች ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል። የአንድን ነገር ሥራ ለማወቅ የፈለገ መርማሪ የቀረውን ሁሉ እኩል አድርጎ ያቆማል፤ ምድብም ክብደትን እኩል አድርጎ የሚያቆመው የጥበብ መጠን ጎልቶ እንዲታይ ነው።

ከዚህ ለአሠልጣኞችና ለስፖርት መሪዎች የሚወጣው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ ወጣቶችን ለልምምድ ሲያገናኙ ልዩነቱን በኪሎ ሳይሆን በመቶኛ ያስሉ፤ በ45 ኪሎ ልጅ ላይ 5 ኪሎ ከአንድ አሥረኛ በላይ መሆኑን አይርሱ። ሁለተኛ፣ ሰው አንሶ እኩያ ቢጠፋ ከባዱ በሙሉ ጉልበቱ እንዳይመታ ይወስኑ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም ጥበብን ይማራሉ። ሦስተኛ፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ወደ ታችኛው ምድብ እንዲወርድ ውሃ አይከልክሉት። ልጁ በተፈጥሮ ክብደቱ ይጋጠም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጥበብ ነው።

ሚዛን ሰውን በሰውነቱ አይመዝንም። ነገር ግን በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ድንበር ከተለካ፣ የሰውን ጥበብ ከዕድሉ ለይቶ ያሳያል፤ ደካማውንም ከማያስፈልግ ጉዳት ይጠብቃል። ከሚዛን የሚጠበቀው ይኸው ነው።